ቦታውን አታሳዪ

ጠብታ ጉንጯን ከግድግዳው ጋር ልታጣብቅ አንዲት ጣት ነው የቀራት። ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኙ ብቻ፣ በመስኮቱ የገባው የጠዋት ብርሃን በነጩ ቀለም ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ትከታተላለች። ከኋላዋ አዳራሹ በመዶሻ ድምፅ ይናጣል። አንዱ መሰላል ይጎትታል፤ ሌላው ሥዕሉን ዘቅዝቆ እንደሰቀለው ሲነገረው «ሆን ብዬ ነው» ብሎ ይከራከራል። እሷ ግን አንዱንም አልሰማችም። ብርሃኑ ተደናቀፈ፤ ቦታውን አገኘችው።

«እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» አለች ዞር ብላ።

የዝግጅቱ ኃላፊ ከጠዋት ጀምሮ እየሮጠች የምትውል ወጣት ሴት ናት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ግድግዳውን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «ውይ፣ እሱ? ድሮ ቧንቧ ፈንድቶ ሲጠገን የተለሰነ ነው። ዘግይቶ ለተመዘገበ ሰው የሚደርሰው ሰባት ቁጥር ነው፤ ይቅርታ እትዬ። ግን ሰሌዳዎን ሲሰቅሉበት ይሸፈናል።»

አይሸፈንም። ጠብታ ይህን ለማወቅ ሜትር አላስፈለጋትም። ልስኑ የሰው ቁመት አለው፤ ትከሻው ሰፍቶ ወደ ታች ይቀጥናል፣ በአንድ ጎኑም ክንድ የመሰለ ነገር ወጥቶለታል። ቧንቧ ሠሪዎቹ ያገኙትን ነጭ ለቅልቀውበት ሄደዋል። ዙሪያው ያለው ነጭ ግን ሌላ ነጭ ነው፤ ስንት ዓመት ፀሐይ የጠጣ፣ ትከሻ የተደገፈበት፣ አቧራ የጠገበ። ሁለቱ ነጮች እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ቆመዋል። የእሷ ሰሌዳ ቢሰቀል የሚሸፍነው ደረቱን ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱና እግሩ ከላይና ከታች ብቅ ማለታቸው አይቀርም።

«በሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይከፈታል፤» አለች ኃላፊዋ አንዲት ካርድ እያቀበለቻት። «ይቺን ሞልተው ከሥራው አጠገብ ይለጥፏት።»

ካርዷ ሦስት መስመር አላት። ስም። የሥራው ርእስ። ሙያ።

የጠብታ ዓይን ሦስተኛዋ መስመር ላይ ቀረ። ይህች መስመር ስትከተላት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። የመመዝገቢያውን ቅጽ የሞላችላት አስተማሪ የሆነችው ታናሽ እህቷ ነበረች፤ ስሙን ሞላች፣ አድራሻውን ሞላች፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ይሄን ራስሽ ጻፊው፤» አለቻት። «አፍሽን ሞልተሽ የምትዪውን ጻፊ።» ጠብታ ግን መስመሯን ባዶ ትታ ቅጹን አስገባችው።

አፍ መሙላቱ ነዋ ጣጣው! ዛሬ አፉን ያልሞላ ማን አለ? የጎረቤቷ ልጅ የሰው ዘፈን ከፍቶ ስልኩ ፊት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ አርቲስት ነው። ለሳሙና ማስታወቂያ ባልዲ ይዞ በካሜራ ፊት ያለፈው የሰፈር ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ በስሙ ብቻ ሲጠሩት አይዞርም፤ አርቲስት ተብሎ ካልሆነ። ፀጉር ቆራጩም በመስተዋቱ ላይ በትልልቁ አጽፎታል። ቃሉ በየመንገዱ እንደ ልብ የሚገኝ ሆኗል፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ልታነሳው ስትል እጇ ይከብዳታል። ውሸት እንዳይሆን ትፈራለች። ከዚያ ይልቅ ግን እውነት ቢሆንስ ብላ ነው የምትፈራው።

ጠብታ ቀለም ቀማሚ ናት። ሃያ አራት ዓመት በአንድ ጋራዥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ የተፋቀና የተላጠ መኪና ሲመጣ የቆየውን ቀለሙን በዓይኗ አይታ ቀምማ የምታገኝ እሷ ነበረች። ጠብታ ያሏትም የጋራዡ ሰዎች ናቸው፤ «አንድ ጠብታ ጥቁር ቀረው» ሳትል የምታስረክበው ቀለም ስለሌለ። እናቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውሱት ዛሬ እህቷና ቀበሌው ብቻ ናቸው።

ታዲያ የዚህ ሥራ ደግነቱም ክፋቱም አንድ ነው። በደንብ ሲሠራ አይታይም። «ስሚ፣» ብለዋት ነበር ጋሼ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ገና በመጀመሪያው ወር። «ቦታውን አታሳዪ። ባለመኪናው ቢለምንሽ፣ ቢቆጣሽ፣ የቱ ጋ እንደነበር አትንገሪው። ቦታውን ያወቀ ሰው ዓይኑ ይታመማል፤ የሌለውን ማየት ይጀምራል።» ጠብታ ይህን ትእዛዝ እንደ ጸሎት ይዛ ኖረች። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ መኪናውን ሊወስድ መጥቶ ሦስቴ ዞረውና የተፋቀው በር የትኛው እንደሆነ ጠፋበት፤ «ምንም ሳትነኩት ነው ያቆማችሁት!» ብሎ ግቢውን በጩኸት አናጋው። ያን ቀን ጋሼ ለጋራዡ ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዙ። እሷም አልፎ አልፎ መብራት ላይ ስትቆም የራሷ ሥራ ከጎኗ ይቆማል፤ ፓራፋንጎውን አይታ ፈገግ ትላለች፣ ሾፌሩ የሳቀችው ለእሱ መስሎት ክራቫቱን ያስተካክላል፣ አረንጓዴው ይበራል፣ ይሄዳል። ምርጥ ሥራዎቿ በከተማው ሲዞሩ ይውላሉ፤ እሷ ብቻ ናት የምታውቃቸው።

ከሦስት ወር በፊት ማሽኑ መጣ። የእጅ ባትሪ የሚያህል ነገር ነው፤ መኪናው ላይ ሲለጥፉት ቀለሙን አንብቦ ቅመማውን ይናገራል። ጠብታ ልትጠላው ብትፈልግም አልቻለችም፤ ከአሥሩ ስምንቱን ያገኘዋል። ለቀሩት ሁለቱ ያረጁ፣ ፀሐይ የበላቸው፣ ሁለት ሦስቴ የተቀቡ መኪኖች ትጠራለች። በቀረው ጊዜ ማሽኑ ያዘዘውን ትለካለች። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ላንቺም እኮ ማረፊያ ነው» አሏት። ዕረፍቱ ግን ጥያቄ ይዞ መጣ። ቀለም የሚቀምመው ማሽኑ ከሆነ እሷ ምንድን ናት?

እህቷ ካርቶኖቹን ያገኘቻቸው በዚያ ሰሞን ነው። ጠብታ ቀለም በቀመመች ቁጥር የጣት ስፋት ባላት ወረቀት ላይ ትሞክረዋለች፤ ሲደርቅ በጀርባዋ ትጽፍባትና በጫማ ካርቶን ውስጥ ታስቀምጣታለች። «የሐኪሟ መኪና፣ ግራ በር፣ አምስተኛ ሙከራ።» «የሙሽሮቹ፣ ኮፈን፣ ዝናብ ነበር።» እህቷ ወለሉ ላይ ዘርግታቸው ስታበቃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ደብቀሽ ነው ቀለም ለካሁ ምናምን የምትዪኝ?» ነጩን ብቻ ለይተው ቆጠሩት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነጭ። አንዱም አንዱን አይመስልም። ሰሌዳ ላይ ደርድረው ለጠፏቸውና ዛሬ ጠዋት ሁለቱ እህትማማቾች ሰሌዳውን እንደ ቃሬዛ ግራና ቀኝ ይዘው ወደዚህ አዳራሽ አመጡት። እህቷ «ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» ብላ ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች።

እና አሁን ሰሌዳው በጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ጠብታም ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ስምንት ሚስማር መምታት ነው ሥራው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

«ትንሽ ብቻ አለዝበዋለሁ፤» አለች ለራሷ። «ልስኑ እንዳይጮህ ብቻ።»

ትንሽ ብቻ! ሱሰኛም እንዲህ ነው የሚለው።

የአዳራሹ ዘበኛ ሽበታም ሰው ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰባት ቁጥር ግድግዳ ፊት ለፊት በር ላይ ተቀምጠው ኖረዋል። «አባባ፣ የግድግዳ ቀለም የተረፈ ይኖርዎታል?» ስትላቸው ከዕቃ ቤት ግማሽ ባልዲ ነጭ ጎትተው አወጡላትና ወደ ውጭው በር ሄዱ፤ እንግዳ ስለሚበዛ ዛሬ የሚቆሙት እዚያ ነው። የእሷ የጋራዥ ቀለሞች ከዚህ ጋር አይዋሃዱም፤ ስለዚህ በአዳራሹ እየዞረች ለመነች። ሥዕሉን የዘቀዘቀው ሰውዬ ከቢጫው ጨመቀላት። አንዲት ጺም ያላቸው ሴቶች የምትሥል ልጅ ጥቁርና ቡኒ ሰጠቻት። ትንሽ ቀይ ደግሞ ከሌላው። በአሮጌ ጋዜጣ ላይ አሥር የፕላስቲክ ኩባያ ደረደረች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች።

መጀመሪያ የልስኑን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችው። መዳፏን ስታሳልፍበት ምንም እስከማይነካት ድረስ ፋቀችው። ከዚያ የመጀመሪያውን ነጭ ቀመመች፤ ሦስት ጠብታ ቢጫ፣ አንድ ጥቁር፣ የቡኒ ሽታ ብቻ። በወረቀት ላይ ሞከረችውና የመስኮቱ ደፍ ላይ ፀሐይ አስመታችው፤ እርጥብ ቀለም ይዋሻል፣ እውነቱን የሚናገረው ሲደርቅ ነው። ሲደርቅ ከግድግዳው አጠገብ ያዘችው።

ለትከሻው ልክ ነበር። ለእግሩ ግን አልሆነም።

ጠብታ ሳቀች።  ይህ ግድግዳ መኪና አይደለም! ላይኛው ክፍል ለዓመታት ከበራበት አምፖል ቢጫ ወርሷል። በመስኮቱ በኩል ያለው ነጣ ብሏል። ሰው በሚደገፍበት ከፍታ ላይ ግራጫ ገብቶበታል፤ ከሥር ደግሞ ወለሉ በተወለወለ ቁጥር የተረጨው ቀላ ያለ አቧራ አለ። አንድ ነጭ አይደለም የሚያስፈልጋት፤ አራት ነው፤ አይ፣ ስድስት፤ በመካከላቸው ያሉት ሲቆጠሩ አሥራ አንድ። እንዲህ ያለ ሥራ አንድም ቀን ገጥሟት አያውቅም። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ቀመመች፣ ሞከረች፣ ደፉ ላይ አሰጣች፣ ቀነሰች፣ ጨመረች። በስፖንጅ እየነካካች የአሮጌውን ግድግዳ ቆዳ አወጣችለት። ኩባያ ሲያንሳት የራሷን ውሃ ጠጣችና የጠጣችበትን ጨመረች።

«ልጄ፣ ምሳ እንኳ አትበዪም?»

ይህን ያሉት የስድስት ቁጥሩ ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ቃል ለኮምፒውተር እየጻፉ ሥዕል ያሠራሉ። ግድግዳቸው ላይ ደረጃ የሆነ ባሕር፣ ጣሪያው ላይ ዓሣ የሚዋኝበት መማሪያ ክፍል ተሰቅሏል። ዳቦ ቆርሰው ሰጧት፤ በቆመችበት ጎረሰች።

«መምህር፣ ካርድዎን ሞሉ?»

«ሞላሁ። አርቲስት አልኩ፤ በደማቁ ነው ያልኩት።» ወደ ኪሳቸው አመለከቱ። «ግን አልለጠፍኩትም።»

«ለምን?»

መምህሩ ጣሪያው ላይ የሚዋኘውን ዓሣቸውን አዩ። «እኔ እኮ ሠላሳ አምስት ዓመት ካርታ ስሥል ተማሪዎቼ ይስቁብኝ ነበር። እጄ አንድ ክብ አያወጣም። ጭንቅላቴ ግን ሙሉ ነበር። አሁን እጽፋለሁ፣ ይወጣል። ሲወጣ እንደ ሕፃን ነው የምደሰተው። ታዲያ የኔ ነው ወይ? እጄ የለበትም።» የእሷን እጅ አዩ፤ እስከ ክርኗ ነጭ ሆኗል። «ያንቺ ደግሞ እጅ ብቻ ነው።»

«እጅ ብቻ አይደለም፤» አለች ጠብታ፣ ሳታስበው፣ ቆጣ ብላ። ከዚያ አፈረች። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ለሥራዋ ስትቆጣ የመጀመሪያዋ ነው። መምህሩ ግን ደስ አላቸው፤ «እሱን ነው እኮ!» ብለው የቀረውን ዳቦ ጨመሩላት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። አየች። ወደ ግራ ሄዳ አየች። ተንበርክካ ከታች ወደ ላይ አየች። ብርሃኑ ከመስኮቱ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ተንሸራተተና አንድ ቦታም ሳይደናቀፍ ጥግ ደረሰ።

የለም። ልስኑ የለም።

ጮክ ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ሳቋ መጣ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሠርታ አታውቅም እንዲህ ያለ። እና በዚህ ደስታ መካከል፣ ጨርቅ ለብሶ ጥግ የቆመውን ሰሌዳ አየችው።

ረስታዋለች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ነጭ፣ የሃያ አራት ዓመት ሥራዋን፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ረስታዋለች።

መዶሻና ሚስማር አነሳች። ሚስማሩን በግድግዳው ላይ፣ የልስኑ ደረት በነበረበት ላይ አቆመች። መዶሻውን ከፍ አደረገች። አወረደችው። እንደገና ከፍ አደረገች። በሃያ አራት ዓመት አንድ ሰው፣ ጤነኛ ሰው፣ አዲስ በተቀባ ኮፈን ላይ ሚስማር ሲመታ አይታ አታውቅም። ስምንት ጊዜ ልትመታ ነው። ካልመታች ደግሞ ባዶ ግድግዳ ይዛ ልትቆም ነው፤ ሰው ይመጣል፣ እህቷ ትመጣለች፣ ጋሼም እመጣለሁ ብለዋል፤ «ሥራሽ የታለ?» ይሏታል።

«ወዴት ወሰድሽው?»

ዘበኛው ናቸው፤ ለመክፈቻው ባርኔጣቸውን ሊቀይሩ ገብተው ከመግቢያው ደፍ ላይ ቀርተዋል። ባርኔጣውን በእጃቸው ይዘው ግድግዳውን ያያሉ።

«ማንን አባባ?»

«ቆራጣውን!» መጡ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ግድግዳውን መዳሰስ ጀመሩ። «አንድ እጅ ያለው ሰውዬ እዚህ ቆሞ አልነበረም እንዴ? አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጬ… እዚህ ጋ ነበር ጭንቅላቱ። አይ፣ እዚህ ጋ። ኧረ የት ነው?» ወደ ግራ ሄዱ፣ ወደ ቀኝ ተመለሱ። «ጠዋት ስገባ ደህና አደርክ እለው ነበር፤ ሞኝ አትበዪኝ። ሰው በሌለበት ምን ላድርግ? አሁን እኮ ጠፋ። እንዳልነበረ ሆነ!» ፊታቸው ላይ ድንጋጤ ነበር፤ ሐዘንም ትንሽ ነበረበት፤ ከሁሉ በላይ ግን አስማት ያየ ልጅ ፊት ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነሽ አንቺ?»

ጠብታ ሚስማሩን ኪሷ ከተተችው።

ኃላፊዋ ስትሮጥ ደረሰች። «እትዬ! ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን፣ ግድግዳዎ ባዶ ነው!»

«ባዶ አይደለም።»

«ሰሌዳዎ መሬት ላይ ነው እኮ!»

«እሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሥራው ይሄ ነው፤» አለች ጠብታ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ቃሉ ወጣና ወለሉ ላይ ቆመ፣ መመለሻ የለውም። 

ኃላፊዋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ መለሰች። ግድግዳውን አየች። ጠዋት የነበረውን አስታወሰች መሰል፣ አንገቷን ወደፊት ቀለሰች፤ ቀረበች፣ ራቀች። «ልስኑ…» አለች። ከዚያ ደግሞ የኃላፊነት ጭንቀቷ ተመለሰባት። «ግን ሰው ሲመጣ ምን ብሎ ያየዋል? ምን እንደነበረ የማያውቅ ሰው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ!» አሉ ዘበኛው ባርኔጣቸውን እየደፉ። «አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ጠብታ ካርዷን አውጥታ በኃላፊዋ እስክሪብቶ ስሟን ጻፈች፤ እናቷ ያወጡላትን ስም። ርእሱ ላይ «ቆራጣው» አለች። ሦስተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶው ቆመ። በር ላይ የሰው ድምፅ ይሰማል። ካርዷንና እስክሪብቶውን እንደዚያው ለኃላፊዋ ሰጠቻትና፣ በሩ ሲከፈት፣ ክርኑ በነበረበት ቦታ ላይ ከዓይኗ በቀር ማንም የማያየውን አንድ ነገር አየች፤ ከስድስተኛው ኩባያ በትንሿ ብሩሽ ወፍራም አንዲት ጠብታ አነሳችና ነካችው። አሁን አለቀ።

ሰው ገባ። መጀመሪያ ሁሉም እያየ አለፈው፤ ባዶ ግድግዳና ቀለም የነካት ሴት። ከዚያ ዘበኛው ሥራቸውን ጀመሩ። «እስቲ ፈልጉት! አንድ እጅ ያለው ሰው እዚህ ውስጥ አለ!» አንዱ ሳቀና ቀረበ። ሌላዋ መዳፏን አሳለፈች። ከአፍታ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ሰው አፍንጫውን ግድግዳው ላይ ተክሎ፣ «እዚህ ጋ ነው!» «አይደለም፣ ያ ጥላ ነው!» እያለ ይወራረዳል። ሰው ሁሉ ነጭ ግድግዳ ያያል፤ ቢጫውን ያያል፣ ግራጫውን ያያል፣ ቀላ ያለውን ያያል። «ነጭ እኮ እንዲህ አልመሰለኝም ነበር» አለች አንዲት ሴትዮ ለባሏ።  ጠብታ የሰው ዓይን በሥራዋ ላይ ሲሄድ ቆማ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መምህሩ ከጎን ሆነው አውራ ጣታቸውን አነሱላት። እህቷም ደርሳ ነበር፤ ሰሌዳውን መሬት ላይ አይታ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ ግድግዳውን አየች፣ መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ ጋሼ መጡ።

ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ጠብታ ያለ ሥራ ልብስ ስታያቸው ሰው መሰሉባት። ዘበኛው የሚሉትን አዳመጡ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለእህቷ ሰጧትና ሰዉን በእጃቸው ገለል አደረጉት። በዚህ ከተማ ውስጥ የተነካ መኪና ከእሳቸው ዓይን አምልጦ አያውቅም። ቁጢጥ አሉ። ብርሃኑን ፊት ለፊታቸው አድርገው ከጎን አዩ። የእጃቸውን ጀርባ፣ መዳፋቸውን ሳይሆን ጀርባውን፣ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አሳለፉት።  ጋሼ አንድ ጊዜ «እህ» አሉ፤ ቆም አሉ፤ አለፉት። ከግድግዳው ዳር ደርሰው ተመለሱ። ግንባራቸው ላብ አወጣ።

ተነስተው ቆሙና ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ሃያ አራት ዓመት አንድም ቀን እንዲህ አይተዋት አያውቁም።

«የቱ ጋ ነው?» አሉ።

 ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ሁለቱም ያንኑ አሮጌ ትእዛዝ አስታወሱ። ጋሼ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ከንፈራቸው በሳቅ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያልኩሽ። ግን በሞቴ፣ የቱ ጋ ነው ጠብታ?»

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የለመኗት ባለመኪኖች ታወሷት። ለአንዱም አልተናገረችም። መንገድ ላይ ከጎኗ ቆመው የሄዱት በሮች፣ ኮፈኖች፣ ፓራፋንጎዎች ታወሷት። ኃላፊዋ ካርዷን ይዛ ከጎኗ ቆማለች፤ «እትዬ፣ ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው» ትላታለች በሹክሹክታ።

ጠብታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ሌባ ጣቷን ዘርግታ ክርኑ በነበረበት ላይ አሳረፈችው። የመጨረሻዋ ጠብታ ገና እርጥብ ናት፤ ቀዝቃዛነቷ ጣቷ ላይ ተሰማት። በጋራዡ እርጥብ ቀለም የነካ ሰው ዓመት ሙሉ ይሳቅበታል። ጣቷን ማንሳት ትችል ነበር። አላነሳችም፤ ይልቁንም በኃይል ተጫነችው።

ስታነሳው፣ ከአሥራ አንዱ ነጭ መካከል፣ የጣቷ አሻራ ከነመስመሮቹ ቁልጭ ብሎ ቀረ።

«ምነው!» ጮኹ ጋሼ፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። «አበላሸሽው እኮ!»

«የለም ጋሼ፤» አለች ጠብታ እየሳቀች። «ፈረምኩበት።»

ቀለም ያልነካውን እጇንም ወደ ኃላፊዋ ዘረጋች፤ «እስቲ እስክሪብቶ ስጪኝ።»